በሰው ግድግዳ ላይ ስለ መጻፍ

ልጆች ሆይ፥ ከሰል ወይም ቀለም በያዛችሁ ጊዜ አስቀድማችሁ፥ «ይህ ግድግዳ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በጎንደር በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ የመላእክት ፊት ተሥሎ ይታያል። ሠዓሊው ተፈቅዶለት ስለ ሣለ ሥራው ይመሰገናል። በዚያው ሥዕል ላይ ስሙን በምስማር የሚጭር ሰው ግን፥ ጽሕፈቱ ያማረ ቢሆን እንኳ፥ አጥፊ ነው።

በኒው ዮርክ ከተማም ሠዓሊዎች በባለቤቱ ፈቃድ ብዙ ዘመን የሣሉበት አሮጌ ፋብሪካ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ባለቤቱ ሥዕሉን በሌሊት በነጭ ቀለም አስጠፋው። በ2018 ግን ዳኛው ለ21 ሠዓሊዎች ከ6 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ካሣ ፈረደላቸው። በፈቃድ የተሣለ መልካም ሥዕል እንዲህ ያለ ክብር አለው።

ቅጣቱስ እንዴት ይሁን? በሲንጋፖር በ1966 የወጣው ሕግ የሰውን ንብረት በማይለቅ ቀለም የሚያበላሸውን ያስገርፋል። በ1994 አንድ የ18 ዓመት አሜሪካዊ ወጣት፥ መኪናዎችን በቀለም አበላሽተሃል ተብሎ ተፈርዶበት፥ 4 ጊዜ በበትር ተመታ።

ግርፋት ጀርባን ያቆስላል እንጂ ግድግዳን አያነጣም። ስለዚህ አጥፊው ባለቤቱን ይቅርታ ይለምን፤ ውኃና ኖራ ይዞም ያበላሸውን በገዛ እጁ ያጽዳ። እጁ ለሥዕል የተፈጠረ እንደ ሆነ ደግሞ መምህሩ የሚሥልበትን ሰሌዳ ይስጠው። በቀን ስፍራ ያጣ እጅ በሌሊት ይፈልጋልና።