የትንሽ ቶርኖ አያያዝና ጥገና

በኮልፌ ቀራንዮ በርና መስኮት በሚበየድበት ሠፈር፣ በጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ቶርኖ ያለችው ሰው፣ ለትርፍ ጊዜ ሥራም ሆነ ለእንጀራ ቢገለገልባት፣ የመሣሪያዋ ጤንነት የስሙ ጤንነት መሆኑን ሊዘነጋ አይገባውም። ደንበኛ ዐሥር ዘንግ አሠርቶ ሁለቱ በኩሽኔታው ውስጥ የሚወላወሉ ቢሆኑ፣ የሚመለሰው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ እምነቱም አብሮ ይሄዳል።

ቶርኖ የሚለው ስም ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1800 ገደማ፣ ብሎን የሚያወጣውን ቶርኖ ሲያሻሽል፣ መቍረጫው በእጅ ሳይሆን በሐዲድና በጠመዝማዛ ዘንግ እንዲመራ አደረገ። የዛሬይቱም ቶርኖ ትክክለኛነት የሚጠበቀው በእነዚሁ ክፍሎች ነው።

አንደኛ፤ ጽዳት። ከሥራ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ገመዱም ከመሰኪያው ተነቅሎ፣ ፍቅፋቂው በብሩሽ ይጠረግ። በእጅ መዝገን ጣት ያስቈርጣል፤ በአየር ግፊት መንፋትም ፍቅፋቂውን ወደ ተንሸራታቹ ክፍል ያስገባል። በአጠገቡ ብረት የሚሞረድ ከሆነ፣ የድንጋዩ ብናኝ ሐዲዱን ስለሚበላው ቶርኖው ይሸፈን።

ሁለተኛ፤ ዘይት። ከጽዳቱ ቀጥሎ ሐዲዱና ጠመዝማዛው ዘንግ በስሱ ዘይት ይቀቡ። በተለይም በክረምት፣ እርጥበት በበዛበት ወራት፣ ያልተቀባ ሐዲድ ቶሎ ይዝጋል።

ሦስተኛ፤ መላላት። መቍረጫውን የሚሸከመው ክፍል ሲወዘወዝ፣ የተሠራው ብረት ገጹ ሸካራ ይሆናል። በጎኑ ያሉት ማስተካከያ ብሎኖች ጥቂት በጥቂት ይጥበቁ፤ ክፍሉ ሳይከብድ፣ ሳይወዘወዝም ሲንሸራተት ይበቃል። ቺንጋውም ከላላ ይንሸራተታል፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ግን ኩሽኔታውን ይጎዳል።

አራተኛ፤ ምርመራ። ቶርኖው ሳይጣመም በጠፍጣፋ ቦታ መቀመጡ ከተረጋገጠ በኋላ፣ አንድ ዘንግ በሁለቱ ጫፎች ሾጣጣ መደገፊያ መካከል ተይዞ፣ ዳር እስከ ዳር በስሱ ይላግ፤ ከዚያም በማይክሮሜትር ይለካ። በሞተሩ በኩል 20.00 ሚሊሜትር፣ በኋላው መደገፊያ በኩል 20.06 ሚሊሜትር ቢገኝ፣ መደገፊያው ከመቍረጫው ርቋል ማለት ነው። ስለዚህ የልዩነቱን እኩሌታ፣ 0.03 ሚሊሜትር፣ ወደ መቍረጫው ይጠጋ። ከዚያም እንደገና ተልጎ ይለካ።

የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ ከጮኸ ወይም ከጋለ ግን፣ ሥራው ቆሞ ለባለሙያ ይታይ። የመለዋወጫ ዋጋ በውጭ ምንዛሪ በሚታሰብበት ገበያ፣ ማታ ማታ ዐሥር ደቂቃ ለብሩሽና ለዘይት የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን ይቈጥባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃሉን ይጠብቃል።