የስልክ ወረፋና ጥሪን ስለ ማዛወር

ከጉንደ ወይን ደብረ ማርቆስ ወዳለ መሥሪያ ቤት የሚደውል ባላገር «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለው የተቀረጸ ድምፅ ገና ሲሰማው ብዙውን ጊዜ ሒሳቡ መቍጠር ይጀምራል። ተስፋ ቈርጦ ቢዘጋው ደግሞ በአውቶቡስ መሄዱ ነው። እንግዲህ ወረፋውን የሚያዘጋጀው ሰው የሚፈርደው በሌላ ሰው ገንዘብና ቀን ላይ ነው።

የዴንማርኩ ተወላጅ ኤርላንግ በ1917 እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ያወጣው ስሌት እኛን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን እንኳ የሚያስደነግጥ አይደለም። አንድ ስልክ ተቀባይ አለ እንበል፤ ንግግሩ አንዳንዴ ቢያጥር አንዳንዴ ቢረዝም በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጃል። ያለ ቀጠሮ የሚመጣው ጥሪ በሰዓት 15 ቢሆን ደዋዩ በአማካይ 9 ደቂቃ ይጠብቃል። 18 ቢሆንሳ? 27 ደቂቃ! ጥሪው በ3 ብቻ ጨመረ፣ ጥበቃው ግን ሦስት እጥፍ ሆነ። አሁን ሁለተኛ ተቀባይ እናስቀምጥ፤ ለዚያው 18 ጥሪ አማካዩ ጥበቃ ከአንድ ደቂቃ በታች ይወርዳል። (ሰነፍ ነው እያልን የምናማው ተቀባይ ምናልባት ብቻውን የተቀመጠ ሰው ይሆናል።)

ለመቅጠር በጀት ከሌለ ማዛወር አለ። በሞባይል ስልክ፣ መስመሩ ሲያዝ ለማዛወር **67*፣ ሳይነሣ ሲቀር **61* ብለን፣ የሚቀበለውን ቍጥር አስከትለን፣ በ# እንደውላለን፤ ##002# ሁሉንም ይሰርዛል። የተዛወረው ጥሪ ሒሳብ እንደ ልማዱ የሚታሰበው በአዛዋሪው ላይ ነው፤ ተገቢም ይመስለናል። ነገር ግን መዝገብ ቤቱ ወደ ሒሳብ ክፍል፣ ሒሳብ ክፍሉም መልሶ ወደ መዝገብ ቤት ያዛወሩ እንደ ሆነ፣ የጉንደ ወይኑ ሰው አውቶቡሱን ይሳፈር።