ጧሪም ይማራል
(ስለ ጀሮንቶሎጂ ትምህርትና ሙያ አጭር ጥናት)

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ ያልተመረቀ ሰው በአገራችን የለም ማለት ይቻላል። ጡረታ የሚለው ቃልም ቢሆን «ጦረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ታዲያ መጦር የልጅ ፍቅር ብቻ ነው ወይስ እንደ መምህርነት ተምረው የሚሠሩት ሙያ? በዚህ ጽሑፋችን ይህን ጥያቄ ባጭሩ እንመለከታለን።

ጀሮንቶሎጂ ምንድን ነው?

ጀሮንቶሎጂ እርጅናን የሚያጠና ሳይንስ ነው። ስሙ «ሽማግሌ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የተገኘ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ስያሜውን ያወጣው በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይሠራ የነበረው ኤሊ ሜችኒኮፍ ነው። ጄሪያትሪክስ የሚባለው ደሞ አረጋውያንን የሚያክመው የሕክምና ክፍል ነው። ጀሮንቶሎጂ ከዚህ ይሰፋል፤ የሚያጠናውም ሦስት ነገሮችን ነው፦

1ኛ/ አካልን፦ ሰው ሲያረጅ ጆሮው አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭን ድምፅ ነው። ስለዚህ አያታችን «አልሰማህም ልጄ» ሲሉን መጮህ ብዙም አይረዳም። ፊት ለፊት ሆኖ፣ ዝግ ብሎና ቃሉን ለይቶ መናገር ይሻላል። ከአልጋ የማይነሳ ሰውም በየጊዜው ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል።

2ኛ/ አእምሮን፦ አዛውንቱ ነገር ሲጠፋባቸው «ጃጁ እኮ!» ብለን እናልፋለን። ይሁን እንጂ መርሳት ሁሉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 አሎይስ አልዛይመር የገለጸው በሽታ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ትናንት ደኅና የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ቢቀባዥሩ ግን ምክንያቱ ኢንፌክሽን ወይም የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደሞ በጊዜ ከተደረሰበት የሚታከም ነው። ያልተማረ ጧሪ «ዕድሜያቸው ነው» ብሎ ዝም ሲል፣ ሊድን የሚችል ሰው ሊሞት ይችላል።

3ኛ/ ኑሮን፦ ገቢን፣ ብቸኝነትን፣ ሥራ ከማቆም በኋላ ያለውን ሕይወት ያጠናል። በአገራችን መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ግን ረጅም ሊሆን ይችላል።

ሥልጠና ምን ይለውጣል?

እ.ኤ.አ. በ1935 ማርጆሪ ዋረን የተባሉ ሐኪም በለንደን አካባቢ፣ «አይድኑም» ተብለው ለዓመታት የተኙ አረጋውያንን ተረከቡ። አንድ በአንድ መርምረው ለየብቻ ለዩዋቸው፣ ከአልጋ አስነሥተው አንቀሳቀሷቸው። ብዙዎቹም ወደ ቤታቸው ለመመለስ በቁ። አረጋውያኑ የጎደላቸው አልጋ ሳይሆን የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው።

ወደ አካባቢያችን እንምጣ

ቦሌ የአውሮፕላን ማረፊያው ሠፈር ነው። ብዙ ወላጅ ልጁን የሚሸኘው እዚያ ነው። የሄደው ልጅ ብር ይልካል፤ ማታ መድኃኒት የሚያውጠውና ደግፎ የሚያነሣው እጅ ግን አይላክም። ስለዚህ በየቤቱ ያለው ሸክም በአብዛኛው ያላሠለጠንናት የቤት ሠራተኛ ላይ ይወድቃል።

ዘመድ የሌላቸውስ? በዚሁ በምሥራቅ አዲስ አበባ ያለው፣ በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ማዕከል በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችን ከጎዳና አንሥቷል። መርሑ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። እውነት ነው፤ ለመነሣት ሰው መሆን ይበቃል። ከተነሡ በኋላ ለማገላበጥ፣ ለመመገብና ሕመሙን ለመለየት ግን መማርን ይጠይቃል።

የት ይማሩታል?

እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጀሮንቶሎጂ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1988 ደሞ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ በማልታ ዓለም አቀፍ የእርጅና ተቋም ተመርቆ ሥልጠና መስጠት ጀመረ። በአገራችን ወደዚህ ሙያ ከሚያስገቡት በሮች መካከል ነርሲንግ፣ ሕክምና፣ ሥነ ልቡናና ሶሻል ወርክ ይገኛሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሶሻል ወርክ የማስተርስ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። እርዳታው ግን የሚደርሰው በሰው እጅ ነው፤ እጁም መሠልጠን አለበት።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ነገ ክፍል ስንገባ ከፊታችን የሚቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ ከአያት ጋር የሚኖሩ ናቸው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ስለ ሕፃን እድገት ስናስተምር ስለ እርጅናም አንድ ሁለት ነገር ብንጨምር ትምህርቱ ዛሬውኑ ቤት ይገባል። «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ስንልም ሐኪምና ፓይለት ብቻ አንበል። አረጋዊ መንከባከብም የተከበረ ሙያ መሆኑን እንንገራቸው። ዕድሜ ከሰጠን ሁላችንም ወደዚያው ነን፤ የሚጦረንም ዛሬ የምናስተምረው ልጅ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ/ በጀሮንቶሎጂና በጄሪያትሪክስ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ለ/ በየሠፈራችን አረጋውያንን የሚጦሩ ሰዎች በቅድሚያ ሊሠለጥኑበት የሚገባው ነገር የትኛው ነው? ለምን?