የካቲት 23 እና ማርች 1፦ የመታሰቢያ ቀናት ለምን ይንሸራተታሉ?

የዓድዋ ድል በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ይከበራል። ይህ ዕለት ዘወትር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 2 ላይ ይውላል። የውጭ አገር የታሪክ መጽሐፍ የገለጠ ተማሪ ግን ጦርነቱ የተካሄደው ማርች 1 ቀን 1896 እንደሆነ ያነባል። ታዲያ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷልን? አልተሳሳተም። ምክንያቱን በቀላል ስሌት እናያለን።

የልዩነቱ ምንጭ

ወቅቶች ዞረው ወደነበሩበት እስኪመለሱ በአማካይ 365.2422 ቀናት ይፈጃል። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ 6 ቀን ስለምትሆን፣ የዓመቱ አማካይ ርዝመት 365.25 ቀን ነው። ትርፉ 0.0078 ቀን፣ ማለትም 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ሆኖም 1ን ለ0.0078 ብናካፍል 128 እናገኛለን፤ ስለዚህ በ128 ዓመት አንድ ሙሉ ቀን ይጠራቀማል።

እ.ኤ.አ. በ1582 የታወጀው የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይህን ትርፍ ለመቀነስ አንድ ደንብ አወጣ፦ ለ400 የማይካፈሉ የመቶ ዓመታት፣ ማለትም 1700፣ 1800 እና 1900፣ ፌብሯሪ 29 የላቸውም። ከእያንዳንዳቸው በኋላ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፍቷል። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው ከ1900 በፊት በመሆኑ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በትክክል ማርች 1 ነበር። በዛሬው ርቀት የሚያሰላ ሰው ግን ጦርነቱን ወደ የካቲት 22 ይወስደዋል።

በጣና አካባቢ

ወደ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ የሚመነጨው ሰከላ ከሚገኘው ግሽ ዓባይ ነው። የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀውን ይህን ምንጭ፣ ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ኤፕሪል 21 ቀን 1618 አይቶ ጽፎለታል። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ሚያዝያ 16 ቀን 1610 ዓ.ም. ነበር። 400ኛው ዓመት ሲደርስ ግን ኤፕሪል 21 ቀን 2018 የዋለው ሚያዝያ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 16 የደረሰው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ሦስቱ ቀናት የ1700፣ የ1800 እና የ1900 ናቸው።

ጋሊሌዮ እና ኒውተን

በፊዚክስ ትምህርት ኒውተን የተወለደው ጋሊሌዮ በሞተበት ዓመት፣ በ1642፣ ነው ሲባል እንሰማለን። ጋሊሌዮ ያረፈው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጃንዩወሪ 8 ቀን 1642 ነው። የኒውተን ልደት ዲሴምበር 25 ቀን 1642 የተባለው ግን እንግሊዝ ገና በአሮጌው አቆጣጠር ትጠቀም ስለነበር ነው። ሁለቱን በአንድ መለኪያ ብንለካቸው ልደቱ ጃንዩወሪ 4 ቀን 1643 ይሆናል፤ ግጥምጥሞሹም ይጠፋል።

ማጠቃለያ

መታሰቢያ መለካት ነው፤ ልኬት ደግሞ ያለ መለኪያው ስም ትርጉም የለውም። ስለዚህ ያለፈን ቀን ስንለውጥ የምንጠቀመው ድርጊቱ በተፈጸመበት ዘመን የነበረውን ርቀት እንጂ የዛሬውን መሆን የለበትም። ርቀቱ ወደፊትም ይሰፋል፤ የ2100 ፌብሯሪ 29 ቀን ስለማይኖራት፣ በዚያው ዓመት የዓድዋ በዓል ማርች 3 ላይ ይውላል። ከዛሬ ወጣቶች መካከል ዕድሜ የሰጠው ያየዋል።

ለአንባብያን ጥያቄ፦ በ2093 ዓ.ም. በጣና ዳር የሚከበረው ጥምቀት (ጥር 11) በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በየትኛው ቀን ይውላል?