የገና ድግስና የድግስ ማግስት

ገና የደስታ ቀን ነው። ኅዳር 15 ቀን የተጀመረው የነቢያት ጾም ያበቃል፤ ዘመድ ከሩቅ ይሰበሰባል፤ ቤቱ በቄጠማ ይጐዘጐዛል፤ ዶሮውም በጉም ይታረዳል። ይኹን እንጂ እንግዳው ተሸኝቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ በአንዳንድ ቤት ሕፃኑ ያስቀምጠዋል፤ አያትየውም ከአልጋ አይነሡም። ይህን ጊዜ «ጾም የሰነበተ ሆድ ቅቤ ሲያገኝ እንዲህ ነው» ይባላል። እርግጥ ቅቤና ጮማ በድንገት ሲበዛ ሆድ ይከብዳል። ነገር ግን ትኩሳት ያለበት፣ የሚያስቀምጥና የሚያስመልስ ሕመም የቅቤ ሥራ አይደለም። ይህን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው።

እነዚህ ተሕዋስያን የሚበረቱት በድግሱ ዕለት ሳይኾን በማግስቱ ነው። በድግሱ ዕለት ኹሉ ይታጠባል፣ ኹሉ ትኩስ ነው። በማግስቱ ግን የቤቱ እመቤት ደክማለች፤ ድስቱ ጓዳ ውስጥ ቀርቷል፤ ፈርሱ ከአጥሩ ሥር ተጥሏል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ስለ በዓሉ ዝግጅት ጥቂት ተናግረን፣ ስለ ማግስቱ ደግሞ አስፋፍተን እንነጋገራለን።

ከበዓሉ በፊት

ለምሳሌ በአርሲ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ የኾነችውን ኦጎልቾን እንውሰድ። ለበዓል ከአሰላ ወደ ኦጎልቾ የሚወርድ ዘመድ ብዙ ነው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በኦጎልቾ በኩል ያለው የዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ግን 1,636 ሜትር ያህል ላይ ነው። ይህ ልዩነት ለጓዳ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። የደጋ ሰው በታኅሣሥ ብርድ ወጡን ሌሊቱን ክፍት ጓዳ ማሳደር ለምዷል። ልማዱ በደጋም ቢኾን አደጋ አያጣውም፤ ሞቅ ባለው አገር ግን ያው ድስት ሲያድር የተሕዋስያን መራቢያ ይኾናል።

ስለ ውኃም እንዲሁ ነው። የወንዝ፣ የሐይቅ ወይም የጕድጓድ ውኃ የሚጠጣ ከኾነ በደንብ ተንተክትኮ መፍላት አለበት። ከ2,000 ሜትር በታች ባለ አገር 1 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ባለ ደጋ ግን ውኃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይቆይ። የፈላው ውኃ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ በመቅጃ ይቀዳ እንጂ የሰው ሁሉ ኩባያ አይጠለቅበት።

አምስት ሰው የሚኖርበት ቤት ለገና ሃያ ሰው ይገባበታል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤቱ አስቀድሞ ይጠረግ፤ ቀዳዳው ክዳን ይበጅለት፤ ከበሩ አጠገብ ውኃና ሳሙና ይቀመጥ። ለእንግዳ እጅ ማስታጠብ የቆየ መልካም ባህላችን ነው። ሳሙና ቢጨመርበት ደግሞ የበለጠ ይረባል። ማስታጠቢያው ለእንግዳ ብቻ ሳይኾን ለወጥ ሠሪዋና ለሕፃናቱም ይዙር።

በዕርድ ቀን

የዶሮውን ሥጋ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የተለመደ ነው። ነገር ግን እጣቢው የሚረጭበት ቦታ ኹሉ ይበከላል። ሥጋው በሰፊ ሳፋ ከንጹሕ ዕቃ ርቆ ይታጠብ፤ እጣቢውም በጕድጓድ ይደፋ። ጥሬ ሥጋ የቈረጠ ቢላዋና መክተፊያ በሳሙናና በፈላ ውኃ ሳይታጠብ ለሰላጣ ወይም ለዳቦ አይዋል።

በአርሲ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በበዓል ይጠያየቃሉ። ለሙስሊም ጎረቤት ዳቦና ቡና ሲዘጋጅ ሥጋ ያልነካው ቢላዋና ትሪ መለየቱ የታወቀ ነው። ይህ ለጎረቤት እምነት ክብር መስጠት ነው፤ ለጤናም ትክክለኛ ሥርዐት ነው።

የበጉ ሳንባና ጉበት ውኃ የቋጠረ ዕባጭ ካለበት ለውሻ አይጣል። ውሻው ይህን ሲበላ ትል ያፈራል፤ የትሉ ዕንቁላል ከዐይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በእጅ ወይም በምግብ በኩል ወደ ሰው ይገባል። እንዲህ ያለው ሥጋ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር።

ቅርጫ ገብተው የበሬ ቁርጥ የሚያምራቸውም አሉ። በጥሬ ሥጋ የገባ የኮሶ ትል አድጎ የሚታወቀው ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። ስለዚህ የገና ቁርጥ ዋጋውን የሚያስከፍለው በመጋቢት ነው፤ በላተኛውም ከየት እንደ መጣበት አያስታውስም። ያለ ስጋት መብላት የሚፈልግ ሰው ሥጋውን አብስሎ ይብላ።

የማግስቱ ቀኖች

አንደኛ፤ የተረፈ ወጥ። ከትልቁ ድስት ወደ ትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ ቶሎ ይቀዝቅዝ፤ ፍሪጅ ካለ በ2 ሰዓት ውስጥ ይግባ፤ ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜም ይበላ። ትልቅ ድስት መካከሉ ሳይቀዘቅዝ ስለሚያድር፣ ከመፍላት የተረፉት ተሕዋስያን እዚያው ይራባሉ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ ይሥራ፤ የተረፈውን ጥሬ ሥጋ በዕለቱ በቀጭኑ ዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ አሽቶ፣ ዝንብ በማይደርስበት ነፋሻ ስፍራ ቋንጣ ያድርገው። ከመሶብ የተረፈ ወጥ ተመልሶ ወደ ድስት አይግባ። ሲሞቅም እስኪንተከተክ ይሙቅ። በተለይ ረቡዕና ዓርብ ጿሚው ስለማይነካው ወጡ አንድ ቀን ተጨማሪ ያድራል፤ ይህን አስቀድሞ አስቦ መጥኖ መሥራት ያስፈልጋል። ሽታው አልተለወጠም ማለት ወጡ ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ኹለተኛ፤ ጕዝጓዙ። ወጥና ጠላ የፈሰሰበት ቄጠማ በማግስቱ ተጠርጎ ይውጣ። ሕፃን የሚድኸው እዚያው ላይ ነውና።

ሦስተኛ፤ ፈርስና ደም። የቤት ዝንብ ዕንቁላሉን በፈርስ ላይ ከጣለ፣ በሞቃት አገር ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ አዲሱ ዝንብ ይበራል። ከገና እስከ ጥምቀት ደግሞ ከዚያ ጥቂት ቀን ብቻ ይበልጣል። እንግዲህ በገና ከአጥር ሥር የጣልነው ፈርስ በጥምቀት ማዕድ ላይ ዝንብ ኾኖ ይመጣል። ስለዚህ በዕርዱ ዕለት ጕድጓድ ተቈፍሮ ይቀበር፤ ዐፈርም በደንብ ይመለስበት።

አራተኛ፤ የታመመ ልጅ። ሕፃን ቢያስቀምጠው ጡት አይከልከል፤ ምግቡም አይቋረጥ። አንድ የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጥበጥና ቀስ በቀስ ይጠጣ፤ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋ። ከረጢቱ ካልተገኘ በ1 ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ልክ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አፉ ተስተካክሎ፣ ይጨመርበት። ጨው አይብዛ። የዚንክ እንክብልም ከጤና ጣቢያ ተቀብሎ ከ10 እስከ 14 ቀን መስጠት ይገባል። ዐይኑ ከጐደጐደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ደም ካስቀመጠው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሥራው የማን ነው?

ይህ ኹሉ በቤቱ እመቤት ላይ ብቻ ከተጫነ አይፈጸምም። እርሷ ሌሊቱን ሽንኩርት ስታቁላላ ያደረች ናት። ስለዚህ አባወራው ጕድጓዱን ይቈፍር፤ ጕልማሶቹ ውኃ ይቅዱ፤ ልጆቹ ቄጠማውን ያውጡ፤ ያደሩ እንግዶችም ዕቃ ቢያጥቡ ነውር የለበትም። የደከመች እመቤት ያረፈችበት ቤት ድስቱም አይረሳም፤ የልጁም ሕመም በጊዜ ይታያል።

ድግስ የሚመሰገነው በወጡ ጣዕም ነው። እኛ ግን አንድ ነገር እንጨምራለን። የበላው ኹሉ በጤና ከሰነበተና ቤተ ሰቡ በሙሉ ታቦት ሊሸኝ በእግሩ ከወጣ፣ ያ ድግስ በእውነት የሠመረ ነው።