ምዕራፍ ሰባት፦ የሚያበራው ወይስ ቡናማው? ጥንታዊ ሽጉጥ ከመግዛትዎ በፊት

አንድ የአሜሪካ የጥንት ዕቃ ሻጭ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሽጉጦች ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም የሳሙኤል ኮልት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1873 ያመረተው፣ ሰብሳቢዎች «የ1851ዱ ኔቪ» የሚሉት ባለ ስድስት ጥይት ሪቮልቨር ናቸው። አንደኛው እንደ መስታወት ያበራል። ሌላው ቀለሙ ለቆ ቡናማ ሆኗል፤ የእንጨት እጀታው የመዳፍ ወዝ ጠጥቷል። ጀማሪ እጁን የሚሰደው ወደሚያበራው ነው። አዋቂ ግን ቡናማውን ያነሳል። ለምን?

ከዋጋው በፊት ሕጉን ይጠይቁ። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ እ.ኤ.አ. 1898 መጨረሻ የተሠራ መሣሪያ «ጥንታዊ» ስለሚባል ከመደበኛው ቁጥጥር ውጭ ነው። ክፍለ ግዛቶች ግን የየራሳቸው ሕግ አላቸው። አገር ቤት ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። «የግድግዳ ጌጥ ነው» ብለው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከቱት።

1. ጎርሶ እንደሆነ ይወቁ

ይህ ሽጉጥ ቀለህ አያውቅም። ባሩዱና እርሳሱ ከፊት ይጠቀጠቃሉ፤ ከኋላ ደግሞ የምትፈነዳ ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደረጋለች። ደረቅ ባሩድ በዕድሜ አይሞትም፤ የዛሬ መቶ ዓመት ጎርሶ የተረሳ ሽጉጥ ዛሬም ሊተኩስ ይችላል። አፈሙዙን ከሰው አዙረው ስድስቱንም ጉድጓድ በባትሪ ይዩ። አንዱ እንኳ የተደፈነ ከመሰለዎት ለጠመንጃ ሠሪ ይስጡት እንጂ ራስዎ አይጎርጉሩት።

2. ቁጥሮቹ ይስማማሉ?

ሽጉጡን ይገልብጡት። ከበርሜሉ ሥር፣ ከአካሉ ሆድ፣ ከምላጩ መከለያ አጠገብና ከእጀታው ግርጌ ላይ አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ተደርድሮ ያገኛሉ። ያው ቁጥር ሲሊንደሩ ላይም፣ በርሜሉን ከአካሉ ጋር በሚያያይዘው ሽብልቅ ላይም አለ። ሁሉም ከተስማሙ ክፍሎቹ ከፋብሪካ አብረው የወጡ ናቸው ማለት ነው። አንዱ ከተለየ ሽጉጡ ተጠግኗል፣ ወይም ከሁለት አሮጌዎች ተገጣጥሟል። ይህ አይገዛም ማለት አይደለም፤ በሙሉ ዋጋ አይገዛም ማለት ነው። ዙሪያው ያለቀ ብረት ላይ ጠርዙ የሚቆረቁር፣ ትኩስ የሚመስል ቁጥር ካዩ ግን ይጠርጥሩ።

3. መርከቦቹ የት ሄዱ?

አሁን አጉሊ መነጽር ያውጡ። በሲሊንደሩ ዙሪያ የባሕር ጦርነት ሥዕል አለ፤ የቴክሳስ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1843 ካምፔቼ አካባቢ ከሜክሲኮ መርከቦች ጋር የገጠመበት ነው። ሥዕሉ በማኅተም የታተመ ስስ መስመር ስለሆነ ከአፎት ሲወጣና ሲገባ ቶሎ ይፋቃል። ሸራውና ማዕበሉ አሁንም ከታዩ ያንን ብረት ሞረድ አልነካውም። መርከቦቹ ጠፍተው ብረቱ ግን ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ካበራ፣ ተፍቆ እንደገና ተቀብቷል።

ጠረጴዛው ላይ የሚያበራው ሽጉጥ የሚጋለጠው እዚህ ጋ ነው። በርሜሉ ስምንት ማዕዘን አለው፤ ያልተነካ ከሆነ ጠርዞቹ ለጣት ስል ናቸው፤ የተፈቀፈቀ ከሆነ ደግሞ እንዳለቀ ሳሙና ይድቦለቦላሉ። የብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ ይሰረጉዳል፤ ጽሑፉ ይደበዝዛል፤ ከአዲሱ ቀለም ሥር የዝገት ፈንጣጣ ብቅ ይላል።

ቡናማነት ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጣሊያን ውስጥ የተሠሩ ቅጂዎች በአሲድ «እንዲያረጁ» ተደርገው ይሸጣሉ። ቅጂ የጣሊያን የፍተሻ ማኅተም ይኖረዋል፤ አጭበርባሪ ደግሞ ይሞርደዋል። ስለዚህ በርሜሉ ሥር ያለ ምክንያት የጎደጎደ ቦታ ይፈልጉ።

4. ቃታውን ያዳምጡ

ባዶ መሆኑን ካረጋገጡና ባለቤቱን ካስፈቀዱ በኋላ ቃታውን በአውራ ጣትዎ ቀስ ብለው ይሳቡ። ግማሽ ላይ ሲያርፍ ሲሊንደሩ እንደ ልብ መሽከርከር አለበት፤ ሙሉ ሲሳብ ደግሞ በእጅ ቢገፉትም ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሲመልሱት ቃታውን ይዘው ያውርዱት፤ እንዲሁ ከለቀቁት ቆብ የሚቀመጥባትን ጡት ይጎዳታል።

5. ወሬ አይግዙ

ሻጩ «የአንድ ጄኔራል ነበር» ማለቱ አይቀርም። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የተሰዉበት ሽጉጥ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ መሆኑን የምናውቀው ሽጉጡ ላይ ስለተጻፈ ነው። የእርስዎ ሻጭ ጽሑፍ፣ ደብዳቤ ወይም የቆየ ፎቶ ከሌለው ታሪኩን በደስታ ይስሙለት፤ ገንዘቡን ግን ለብረቱ ብቻ ይክፈሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ሲሉዎትም ሻይ ጠጥተው ይመለሱ።

እንግዲህ ቡናማውን መረጡ እንበል፤ ቁጥሮቹ ተስማምተዋል፣ ሁለት መርከቦችም ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። ቤት ሲደርሱ የመጀመሪያው ፈተና «ትንሽ ባጸዳው» የሚለው ሐሳብ ነው። ዘይት በነካ ጨርቅ አበስ አድርገው ያስቀምጡት። የብርጭቆ ወረቀት ካነሡ፣ ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ጥለውት የመጡትን ያንን የሚያበራ ሽጉጥ በገዛ እጅዎ ሠሩት ማለት ነው።