የተማሪ ጥያቄና የመምህር መልስ

በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል አንሥቶ ሲያብራራ፥ ከተማሪዎቹ ማንም አፉን ሳይከፍት «ምነው ቢሉ» ብሎ ጥያቄውን ራሱ ያነሣል፤ ራሱም ይመልሳል። «ቢሉ» የተባሉት እነማን ናቸው? ስማቸው አልተጻፈም። አባቶቻችን ሊቃውንት ግን በትርጓሜው ውስጥ ለጠያቂ ስፍራ አዘጋጅተውለታል፤ ጠያቂው ቢቀር እንኳ ስፍራው ባዶ አይሆንም። አንዱ መልስ ሲያበቃም «አንድም» ተብሎ ሌላው ይከተላል። እንግዲህ ጥያቄን የሚፈሩ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ ያለውን ሥርዓተ ትምህርት ባላቆሙልን ነበር።

ይህን ማንሣታችን በየሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህራንን የሚያስጨንቅ አንድ ዓይነት ተማሪ ስላለ ነው። ይህ ተማሪ ጸሎቱን ያውቃል፤ ጾሙን ይጾማል፤ ነገር ግን «ለምን?» ማለትን አይተውም። መምህሩም ሲጨንቀው ወይ ይቈጣል ወይ ይቀልዳል። የቍጣው ጉዳት ለሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ እርሱን ትተን ስለ ቀልዱ እንነጋገር።

ለምሳሌ ያህል አንድ መምህርና አንድ ተማሪ በድሬዳዋ ከተማ እንዳሉ አድርገን እናስብ። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በደረሰበት ስፍራ የተቈረቈረች፥ ክርስቲያኑና እስላሙ፥ ኦሮሞውና ሶማሌው፥ ዐማራውና ሐረሪው፥ ዐረቡና ግሪኩ ጐን ለጐን የኖሩባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለች ከተማ የሚያድግ ልጅ ጎረቤቱ ከእርሱ ልዩ ሆኖ ሲጸልይ እያየ ያድጋልና ጥያቄ አያጣም።

ተማሪው በመጀመሪያው ቀን ብድግ ብሎ፥ «የኔታ፥ ሁሉን የሚችል አምላክ ራሱ ሊያነሣው የማይችለውን ድንጋይ መፍጠር ይችላልን?» ሲል ጠየቀ።

የኔታም፥ «ልጄ፥ አራት ማዕዘን ያለው ክብ ወንበር ሠርተህ አምጣልኝ፤ በእርሱ ላይ ተቀምጬ እመልስልሃለሁ» አሉት።

ክፍሉ ሳቀ፤ ተማሪውም ሳቀ። ይህ ቀልድ መልሱን በውስጡ ተሸክሟል። «ሁሉን የሚችል የማይችለው» የሚለው አነጋገር እንደ አራት ማዕዘኑ ክብ ራሱን በራሱ ያፈርሳል፤ ቃል ለቃል ተቀጣጠለ እንጂ ነገር አልሆነም። ሐዋርያው ጳውሎስም እግዚአብሔር ሊዋሽ እንደማይችል ለቲቶ፥ ራሱንም ሊክድ እንደማይችል ለጢሞቴዎስ ጽፏል፤ ይህም «አለመቻል» ፍጹምነት እንጂ ድካም አይደለም። ልጁ ቤቱ ሲገባ ስለ ክቡ ወንበር ያስባል፤ ሲያስብም መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

በሁለተኛው ቀን ደግሞ፥ «እግዚአብሔር ነገ የምሠራውን ኃጢአት ዛሬ ካወቀው፥ የእኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?» አለ።

«አያትህ የባቡር ጣቢያ ሹም አልነበሩምን? ባቡሩ በስድስት ሰዓት እንደሚገባ ያውቁ ነበር። ታዲያ ባቡሩን የሚጐትቱት እርሳቸው ነበሩን?»

«ባቡሩ ግን ብዙ ጊዜ ይዘገይ ነበር ይላሉ፥ የኔታ።»

«አያትህ ሹም እንጂ አምላክ ያልተባሉት ስለዚህ ነዋ!»

ምሳሌ ከተመሰለለት ነገር ማነሱ የታወቀ ነው። ሹሙ የሚያውቀው ከወረቀት አንብቦ ነው፤ እግዚአብሔር ግን ትናንቱም ነገውም በፊቱ ግልጥ ነው። ቢሆንም ማወቅ ሌላ፥ ማስገደድ ሌላ መሆኑን ልጁ ከዚህ ተረድቷል፤ ከመምህሩም ጋር መከራከር እንዳልተከለከለ ዐውቋል። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሚያንስ አይመስለንም።

እንዲህ ለመቀለድ ግን መማር ያስፈልጋል። አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው በአገሩ ሁሉ ይታወቃሉ፤ የአቋቋም ሊቅ መሆናቸውንና በልጃቸው ስም «ተክሌ» የሚባለው ስልት ከእርሳቸው የመጣ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ቀልዱን ወርሰን ሊቅነቱን ከተውነው የቀረን ሳቅ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቀን ተማሪው የጠየቀው ከሁሉ የቀለለ ይመስል ነበር። በቀፊራና በከዚራ መካከል የሚያልፈውን፥ ከዓመቱ ብዙውን ጊዜ አሸዋ ብቻ የሚታይበትን ወንዝ አስቦ፥ «የኔታ፥ ደቻቱ ውኃ ሳይኖርበት ወንዝ ይባላልን?» አለ።

የኔታም ፈጥነው፥ «አንተስ ሳትማር ተማሪ ትባል የለምን?» አሉት።

ክፍሉ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ሳቀ። ተማሪው ግን አልሳቀም፤ ተቀመጠ።

ክቡራን አንባብያን፥ ይህ መልስ ከሦስቱ ሁሉ የተዋበ ሳይሆን አይቀርም፤ ጉዳቱም ከዚያው ነው። የፊተኞቹ ቀልዶች ጥያቄውን ይዘው ወደ ልጁ ተመለሱ፤ ይህ ግን ጥያቄውን ትቶ ልጁን መታው። መምህሩ ያልጠየቁት ነገር ነበረ። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ፥ በላይ ባሉት ደጋዎች የዘነበው ዝናብ በሌሊት በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ብዙ ቤትም ጠርጓል። የልጁ እናት በዚያች ሌሊት እኅቷን አጥታ እንደ ሆነስ? እርሱ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም፤ ነገር ግን የአክስቱን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ እያየ አድጓል። «ደረቅ አሸዋ ነው» ተብሎ ልጆች የሚጫወቱበት ስፍራ እንዴት አክስቱን ወሰደ? ወንዝ ያልነበረ ነገር እንዴት ወንዝ ሆነ? እግዚአብሔርስ በዚያች ሌሊት ወዴት ነበረ? ሕፃን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መናገር አይችልም፤ በዳር በዳሩ ይጀምራል።

ዘካርያስም እመቤታችንም መልአኩን ጠይቀዋል፤ የሁለቱም ጥያቄ ለሰሚ የሚመሳሰል ነው። አንዱ አንደበቱ ተዘጋ፤ ለእመቤታችን ግን በዝርዝር ተመለሰላት። ልዩነቱን በልባቸው ያለውን የሚያውቅ አውቆታል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ የሚወጣው ሕዝብ የሚያከብረው ይኸው መልአክ ቅዱስ ገብርኤል ነው፤ መምህራን ግን መላእክት አይደለንም፤ ልብ አይታየንም። ስለዚህ ከመመለሳችን በፊት «ይህን ለምን አሰብህ ልጄ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ከ1600 ዓመት በፊት በሰሜን አፍሪካ የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ 11ኛ ክፍል አንድ ጥያቄ ያነሣል፤ እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን ከመፍጠሩ አስቀድሞ ምን ይሠራ ነበር? አንድ ሰው ይህን ለጠየቀው፥ ጥልቅ ነገርን ለሚመረምሩ ገሃነምን ያዘጋጅ ነበር ብሎ እንደ ቀለደ አውግስጢኖስ ይተርካል። የሚያስቅ መልስ ነው። እርሱ ግን በዚህ መንገድ አልመልስም ይላል፤ ጠያቂ ከሚሣቅበት ይልቅ የማላውቀውን አላላውቅም ማለትን እመርጣለሁ ብሎ፥ ከዚያ በኋላ ስለ ጊዜ ረጅም ምርመራ ይጀምራል፤ ጊዜም ራሱ ፍጡር ስለ ሆነ ከፍጥረት በፊት «ያን ጊዜ» የሚባል እንዳልነበረ ያስረዳል። ቀልዱን ቢቀበል ኖሮ ምርመራው ሁሉ በቀረ ነበር።

እንግዲህ የኔታ የልጁን ነገር ከሰሙ በኋላ ምን ይበሉ? ሰዎቹ በኃጢአታቸው ሞቱ እንዳይሉ፥ ጌታችን በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯል። ያለ ምክንያት ሆነ እንዳይሉም ሃይማኖታቸው ይከለክላቸዋል። «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቅ» ማለት ቀርቷቸዋል። መምህር በተማሪዎቹ ፊት ይህን ቢል ክብሩ የሚቀንስ የሚመስለው ቢኖር መጽሐፈ ኢዮብን እስከ ፍጻሜው ያንብብ። ኢዮብ ከመከራው የተነሣ እግዚአብሔርን አጥብቆ ጠየቀ፤ ሦስቱ ወዳጆቹ ግን ለሁሉ ነገር መልስ ነበራቸው። በመጨረሻ ቍጣው የነደደው በመላሾቹ ላይ ነበር። 7 ወይፈንና 7 አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ ታዘዙ፤ ስለ እነርሱም የጸለየው ጠያቂው ኢዮብ ነበር።